ስለ ማሕፀን መውጣት፤ ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ

በሰሜን ተራሮች ግርጌ፥ ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ፥ እናቶቻችን ሸሽገው ከሚኖሩባቸው ሕመሞች አንዱ የማሕፀን መውጣት ነው። ሕመሙ የሚመጣው ማሕፀንን፥ የሽንት ፊኛንና አንጀትን ከታች ደግፎ የሚይዘው ሥጋና ጅማት ሲላላ ነው። ሴቲቱ አንድ ነገር ወደ ታች የሚወርድ መስሎ ይሰማታል፤ ወገቧን ይከብዳታል፤ ስትሸከም ይብስባታል፤ ጋደም ስትል ግን ይቀልላታል። ርግማን ያመጣው አይደለም፤ የሚያሳፍርም አይደለም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ወረዳ የሕዝቡን ጤና ሲከታተል ብዙ ዘመን ሆኖታል። በዚሁ ወረዳ ተደርጎ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከዚህ ሕመም ጋራ ተያይዘው የተገኙ ሦስት ነገሮችን ይገልጣል። እነዚህም በቀን 5 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር መሸከም፥ የተራዘመ ምጥ፥ እንዲሁም በደጋ አገር መኖር ናቸው። በጎንደር ሆስፒታል በመጡ ታማሚዎች ላይ የተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ እናቶች ወደ ሕክምና ከሚዘገዩባቸው ዋና ምክንያቶች መካከል ሕመሙን ለሰው ለመግለጥ መፍራትና የገንዘብ ማጣት እንደሚገኙ ያስረዳል። እንግዲህ ሸክሙም ሆነ ዝምታው ከቤት የሚጀምር ከሆነ፥ መድኃኒቱም በከፊል ከቤት መጀመር ይኖርበታል።

ሕመሙ ያለባት ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም። ገና ቀላል ሲሆን ሐኪሙ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያስተምራታል፤ ወይም ማሕፀኑን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ለስላሳ ቀለበት ያደርግላታል። ወደ ውጭ እጅግ ለወጣው ግን ቀዶ ሕክምና ይታዘዛል። ማሕፀኑ ተቈርጦ ይወገዳል ወይስ ወደ ቦታው ተመልሶ ይታሰራል የሚለውን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በተለይም ገና ልጅ የምትሻ ሴት ይህን ሳትናገር ወደ ሕክምናው ክፍል መግባት የለባትም።

ለሕክምናው የሚደረገው ዝግጅት ከቀጠሮው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ ይጀመራል። የደም ማነስ፥ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ መኖር አለመኖሩ ይመረመራል። በወጣው አካል ላይ ቁስል ቢኖር አስቀድሞ እንዲድን ይደረጋል። የቈየ ሳልና የሆድ ድርቀትም የተሰፋውን ሥፍራ ስለሚጫኑት በጊዜ መታከም አለባቸው። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ፥ ያገር ባህል መድኃኒትም ቢሆን፥ ሳትደብቅ ለሐኪሙ ትንገር።

በሕክምናው ዕለት ሆዷ ባዶ መሆን አለበት። ማደንዘዣ በተሰጠ ጊዜ ከሆድ የተመለሰ ምግብ ወደ ሳንባ ቢገባ ሕይወትን ያሰጋልና። ከምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፥ ከንጹሕ ውሃም ቢያንስ 2 ሰዓት መቈጠብ የተለመደ ነው፤ ሆስፒታሉ ከዚህ የረዘመ ሰዓት ቢያዝዝ ትእዛዙን መጠበቅ ነው። በዚያ ጧት ጠበል የጠጣች እናትም ጠበል መጠጣቷን ለአስታማሚዋ ትግለጥ፤ ለሆድ ጠበልም ውሃ ነውና።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሽንት ቱቦ ለአንድ ወይም ለጥቂት ቀናት ሊቈይ ይችላል። ደም በእግር ሥር እንዳይረጋ ሐኪሙ እንደፈቀደ ቶሎ ተነሥታ ቀስ እያለች ትራመድ። ለጥቂት ሳምንታት ጥቂት ፈሳሽ ቢታይ አያስደነግጥም። ነገር ግን ብዙ ደም ቢፈስ፥ ፈሳሹ ክፉ ሽታ ቢኖረው፥ ትኩሳት ቢይዛት፥ ሽንት ቢከለክላት፥ የሆድ ሕመም ቢጠናባት ወይም አንደኛው ባቷ አብጦ ቢያማት ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ የመጀመሪያው ምርመራ እስኪያልፍ ድረስ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት መሰንበት ቢቻል መልካም ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ከላይ ሲያዩዋት የዳነች ትመስላለች፤ በውስጥ ያለው ስፌት ግን ገና አልጠናም። ቢያንስ ለ6 ሳምንት ከባድ ነገር አታንሣ፤ ብዙ ሐኪሞች ይህን እስከ 3 ወር ያራዝሙታል። ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ እንዲህ ያለውን ተሸክማ ዳገት ብትወጣ የተጠገነው ተመልሶ ሊላላ ይችላል። እንጨት መሸከም፥ በእጅ መፍጨት፥ ጋን ማንሣትም እንዲሁ ነው። የባልና የሚስት ግንኙነትም ሐኪሙ መርምሮ እስኪፈቅድ ድረስ፥ ዘወትር 6 ሳምንት ያህል፥ ይቈያል።

ስለዚህ ባል ሆይ፥ ሚስትህ ወደ ሆስፒታል ከመሄዷ በፊት የሥራውን ድርሻ ቈርጠህ አስታውቅ። ውሃውን አንተና ወንዶች ልጆችህ በአህያ አምጡ፤ እህሉ ወፍጮ ቤት ይሂድ፤ እንጀራውን እኅት ወይም ጎረቤት ትጋግር፤ የጽዋ ማኅበርተኞችም ተራ ይግቡ። የቤቱ ሁኔታ ቢፈቅድና ሐኪሙም መዘግየቱ እንደማይጎዳት ቢያረጋግጥ፥ ቀጠሮው ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

የምግቧም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ምስር፥ ሽሮና ጎመን ብትመገብ፥ ውሃም አዘውትራ ብትጠጣ ሆዷ አይደርቅም። የጾም ወራት ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድምና፥ የንስሐ አባቷን አማክራ ለሰውነቷ የሚያስፈልገውን ትመገብ።

ይህ ሕመም ያለባት እኅት ይህን ስታነብ ወይም ሲነበብላት ብትሰማ፥ በመጀመሪያ ለምታምነው ለአንድ ሰው ትንገር፤ ከዚያም በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ ትሂድ። የሚያስፈልጋትን መርምረው ወደ ሆስፒታል የሚልኳት እነርሱ ናቸው።