ስም መሸፈን ብቻውን ምስጢር አይጠብቅም፤ እንደ መቱ ባለ ከተማ ደግሞ በተለይ

የላብራቶሪ ውጤት ወይም የራጅ ፎቶ አንስታችሁ ለምታውቁት ሐኪም በቴሌግራም ልካችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን አድርገነዋል። ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፔሻሊስት ፍለጋ ቀኑን ሙሉ አውቶብስ ላይ ከመዋል ፎቶ መላክ ይቀላል። ሐኪሞችም ከበድ ያለ ሕመም ሲገጥማቸው በግሩፕ ይመካከራሉ፤ ይህ ሕይወት ያተርፋል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከተላከ በኋላ ማን ጋ ይደርሳል?

በመጀመሪያ፣ መረጃ ማጋራት ምን ይጠቅማል?

ኮዴይንን እንይ። ለሕመም ማስታገሻና ለሳል የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ይቀየራል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ለውጡ በጣም ይፈጥናል፤ በተለመደው መጠን እንኳ ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ለዚህ የሚያጋልጥ የጂን ብዜት እንዳላቸው አሳየ። በስዊድን ይህ ቁጥር ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን መረጃ ይዞ ኮዴይንን አገደ። ጥቂት ሰዎች የሰጡት ደም ለሚሊዮኖች ተረፈ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማ ሕክምና የሚባለው የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

«ስሙን አጥፍተነዋል» የምትለዋ ቃል ላይ። እስቲ ለምሳሌ ያህል አንድ ግሩፕ ላይ እንዲህ ተለጠፈ እንበል፦ «ሴት፣ 34 ዓመት፣ መምህርት፣ ጎሬ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረች።» ስም የለም አይደል? አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ማን እንደሆነች ላይታወቅ ይችላል። ጎሬ፣ ቡሬ ወይም ያዮ ላይ ግን አንድ ስኒ ቡና ሳያልቅ ትታወቃለች።

ይሄ የትንሽ ከተማ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞችን የሕክምና መረጃ ስም አጥፍቶ ለተመራማሪዎች ሰጠ። ላታንያ ስዊኒ የተባለች ተማሪ መረጃውን ከመራጮች መዝገብ ጋር አስተያየችው። የአገረ ገዢውን የዊልያም ዌልድን የልደት ቀን የሚጋሩ የከተማው መራጮች ስድስት ብቻ ነበሩ፤ ከስድስቱ ወንዶቹ ሦስት፤ በእሱ የፖስታ ቁጥር የሚኖረው ደግሞ እሱ ብቻ። የአገረ ገዢው የሕክምና ታሪክ በዚሁ ተገኘ።

ሕግ የለንም እንዴ? አለን።

በመጋቢት 2016 ፓርላማው ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናና የዘረመል መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች መድቧል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚያ በፊትም ደንብ ቁጥር 299/2006 የጤና ባለሙያ የታካሚን ምስጢር እንዳያወጣ ይከለክላል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ያወጣን ይቀጣል።

ግን ሕጉ የሚፈተነው ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪ መስኮትና የሠራተኞች ግሩፕ ላይ ነው። የሕመም ስም ጮክ ተብሎ ከተጠራ፣ ካርድ ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ ከዋለ አዋጁ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሰው ለምን ይደብቃል? ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሰፈር እንዳይገባ ፈርቶ ነዋ! የቲቢ፣ የኤችአይቪ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሌላ ከተማ ሄዶ ከታከመ፣ ወይም የሚወስደውን መድኃኒት ለሐኪሙ ካልነገረ፣ ለእሱ የሚስማማ ሕክምና ከየት ይመጣል? ለጥናት ደም እንዲሰጥስ በምን አንደበት ይጠየቃል? ምስጢር መጠበቅ የጥሩ ሕክምና መነሻ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

• ውጤት ስትልኩ ለሐኪሙ በግል ላኩ፤ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። ስም፣ የካርድ ቁጥርና ስልክ ያለበትን ቦታ ከፎቶው ቁረጡ።

• «እዚህ ጋ ፈርሙ» ስትባሉ ጠይቁ፦ ለምንድን ነው? ማን ያየዋል? የት ይቀመጣል? እምቢ ብል ሕክምናዬ ይቀራል? መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።

• የዘረመል ምርመራ ከሆነ ደግሞ ቆም በሉ። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ ጂን አይቀየርም። የእናንተ ውጤት የእህት የወንድማችሁንም ገመና ይነካል።

• የጤና ባለሙያዎች፦ ስትመካከሩ ቀበሌውንና ሥራውን ተዉት። «34 ዓመት» ከማለት «በ30ዎቹ ውስጥ» በሉ። ሐኪም ለሐኪም ምክር ይኼ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከየወረዳው ሪፈር ተጽፎለት መቱ ካርል ሆስፒታል የሚመጣ ሰው አንድ ቀን እኛ ወይም እናታችን ነን። የሌላውን ካርድ ስናይ ይህን እናስብ።