ያልተመለሰ ወንፈል

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤታችን ስለ ምርታማነት የአንድ ቀን ሥልጠና አዘጋጅቶልን ነበር። አሠልጣኙ ንግግር ያውቃል፤ ከምሳ በኋላ እንኳ ያንቀላፋ ሰው አልነበረም። ደጋግሞ የተመለሰባት ሐሳብ ዛሬ በየአዳራሹ፣ በየሬዲዮውና በየስልካችን የምንሰማት ናት፤ ሀብታምም ድሃም እኩል 24 ሰዓት ተሰጥቶታል፣ ልዩነቱን የሚያመጣው አጠቃቀሙ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ፣ ቤቱ ሳይንጫጫ አንብቡ፣ ስፖርት ሥሩ፣ ቀናችሁን አቅዱ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ።

በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሣሁ። የማእድ ቤቱ መብራት በርቷል። እኛ ቤት የምትሠራው ልጅ እንጀራ እየጋገረች ነው። ቀን ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ የሰፈሩ መብራት ኃይሉ ይደክማል፣ ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራውም ዐይን አያወጣም፤ ስለዚህ ከሰፈሩ ቀድማ ትነሣለች። ማታ አብሲት የጣለችበት ሊጥ ኩፍ ብሎ ቡሃቃውን ሞልቶታል። ስታየኝ ደነገጠች። «ምነው እትዬ፣ አሞዎት ነው?»

የአሠልጣኙ ሐሳብ ሐሰት መሆኑ የገባኝ እዚያ በር ላይ ቆሜ ነው። ጸጥ ያለ ነው ያለን ሰዓት ጸጥ ያለው ለእኛ ነው። የማነብበትን ሁለት ሰዓት ያገኘሁት ከእንቅልፌ ቀንሼ ብቻ አይደለም፤ ልጄን የምታለብሰው፣ ቁርሱን የምታቀርበው፣ ምሳዬን የምትቋጥረው እሷ ስለሆነች ነው። ቀን 24 ሰዓት መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ሰዓት ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። የእኔ ቀን የረዘመ ሲመስለኝ የእሷ አጥሯል።

ገበሬ ይህን ያውቃል። ወንፈል የገባ ሰው ለጎረቤቱ አንድ ቀን ካረመለት ጎረቤቱ አንድ ቀን ይመልስለታል፤ የአረም ቀን በአረም ቀን፣ የአጨዳ ቀን በአጨዳ ቀን። ብር የለበትም፣ መዝገብም የለበትም፤ ሆኖም ቀኑ የማን እንደነበር አይረሳም። ወንፈሉን ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ከአረሙ ጋር ብቻውን ይቀራል። በየአዳራሹ የሚሰጠን ትምህርት የጣለው ይህን ሒሳብ ነው። የተበደርነውን ቀን በራሳችን ጥረት ያፈራነው አድርጎ ያሳየናል፣ አበዳሪዋንም ከዐይናችን ያርቃታል።

ሕጉም እንዲሁ አርቋታል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ የመደበኛው ክፍያ በአንድ ከሦስት አራተኛ ተባዝቶ ይከፈልበታል። በሳምንት አንድ ጊዜ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። እነዚህ መልካም ድንጋጌዎች ናቸው። ነገር ግን ያው አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከወሰኑ ያወጣና የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስነው ይተወዋል። ምጣድ ፊት የቆመችው ልጅ ያለችው እዚህ «የግል አገልግሎት» ከሚለው ቃል ውስጥ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪ ከእሱ ጋር ስለሚኖር የቤት ሠራተኛ ጤና፣ ምግብና ዕረፍት እንዲያስብ ያዝዛል፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አይነግረውም፤ ለአሠሪው ሕሊና ትቶታል።

የእኔ ሕሊና ምን ያህል እንደቆጠረ ልናገር። ልጅቷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ትተኛ ነበር፤ 17 ሰዓት ነው። የምትበላበትን፣ ማታ የምትማርበትንና ልጄ ሲተኛ ጎኗን የምታሳርፍበትን ሦስት ሰዓት ልቀንስ፤ 14 ይቀራል። እሑድን ትተን በስድስት ቀን 84 ሰዓት ነው። ሕጉ ለእኔ ካስቀመጠው ጣሪያ በ36 ሰዓት ይበልጣል። ይህን በወረቀት ላይ ያሰላሁት እኛ ቤት ከገባች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ የራሴን የዓመት ፈቃድ ግን እስከ ግማሽ ቀኑ ድረስ አውቀዋለሁ።

የቤት ሠራተኛ በሌለበት ቤት ሰዓቱ የሚወሰደው ከሚስት፣ ከእናት፣ ከታላቅ እህት ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በ64 አገሮች ብቻ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ያለ ክፍያ ለቤት ውስጥና ለእንክብካቤ ሥራ እንደሚውል፣ ከዚህም ሦስት አራተኛው ያህል በሴቶች ትከሻ ላይ መሆኑን ገልጿል። የኒውዚላንዷ ማሪሊን ዋሪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ የአገሮች የኢኮኖሚ ሒሳብ ይህን ሥራ አለመቁጠሩን ፊት ለፊት ሞግታለች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የጋገረችው እንጀራ በየትኛውም የአገር ምርት ውስጥ አልገባም፤ ያው እንጀራ ከሱቅ ሲገዛ ግን ምርት ይሆናል። ምርት የሚለው ቃል ከአውድማ የመጣ ነው። አውድማ ላይ የተከመረውን እህል እያየ ያረመውንና ያጨደውን ሰው የሚረሳ ገበሬ አላውቅም።

የዚህ የምርታማነት ትምህርት አባት ከሚባሉት አንዱ አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ቴይለር ነው። የሠራተኛን እንቅስቃሴ በሰዓት እየለካ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ብረት ተሸካሚ በቀን የሚሸከመውን ከ12 ተኩል ቶን ወደ 47 ተኩል ቶን እንዲያሳድግ እንዳደረገው ይተርካል። ሰውን እንደ ዕቃ ቆጥሯል ተብሎ በጽኑ ተተችቷል፤ ትክክልም ነው። ሆኖም ቴይለር እንኳ የሰውዬውን የቀን ክፍያ ከ1.15 ወደ 1.85 ዶላር ማሳደጉን አብሮ ጽፏል። ጭማሪው ከሸክሙ ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም፤ ግን ከሰው ጉልበት ተጨማሪ ሲወሰድ የሚከፈል ነገር እንዳለ አልካደም። የእኛ አሠልጣኞች ይህንን እንኳ አያነሡም።

«ታዲያ ሰው ራሱን አይግዛ ነው የምትዪው?» ያለችኝ የሥራ ባልደረባዬ አለች። አይደለም። በስልክ ላይ አንገቴን ደፍቼ ያባከንኩት ምሽት ብዙ ነው፤ ለዚያ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ ሥርዐት ያለው ሰው መሆንም ያስከብራል። ልጅቷ ደመወዝ ይከፈላታል፣ ወዳና ፈቅዳ ገብታለች የሚለውንም ሰምቻለሁ። በደላላ እጅ ከገጠር የመጣች፣ ማደሪያዋና ሥራዋ አንድ የሆነባት ልጅ «ከዚህ ሰዓት በኋላ አልሠራም» ብላ የት ልታድር ነው? ፈቃድ የሚባለው እምቢ ማለት ሲቻል ነው።

እኩል 24 ሰዓት አለን የሚለው አባባል እኔን ከማሞካሸቱ ይልቅ የሚያስከፋኝ ለእሷ የሚናገረው ነገር ነው። ልጅቷ የማታ ተማሪ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል። ባለፈው ሴሚስተር ሒሳብ ወደቀች። በዚያ አባባል ብንሄድ ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ሰዓቷን አልተጠቀመችበትም። እውነቱ ሌላ ነው። ትምህርቷ የሚጀምረው ከቀኑ 11 ተኩል ላይ ነው። እኔ ከቢሮ የምወጣውም 11 ተኩል ላይ ነው። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ዝናብ ከጣለ ሰልፉ እጥፍ ይሆንና መንገድ ይዘጋል። ቤት ስደርስ አንድ ሰዓት ያልፋል። እስከዚያ ልጄን ጥላ መሄድ አትችልም። ስመጣ ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች፣ ስትደርስም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልቋል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሒሳብ ነው።

ስለዚህ ሰልፉ የሚበላው የእኔን ጊዜ ብቻ አይደለም። «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» የሚል መስኮትም እንዲሁ ነው፤ ተመላሿ እኔ ብሆንም ያን ተጨማሪ ቀን የምትከፍለው ቤት የቀረችው ናት። አለቃዬ 11 ሰዓት ላይ የሚጠራው ስብሰባም ከእሷ ደብተር ላይ ገጽ ይቀድዳል። የከተማው ብክነት ሁሉ ቁልቁል ይወርድና እምቢ ማለት የማትችለው ላይ ያርፋል። ለዚህ መድኃኒቱ የእኔ በሌሊት መነሣት ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው የሚናገረው ስለ ሌላ አገር መሆን አለበት። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። የእኛ የግል መሥሪያ ቤት ማቆያ የለውም፤ ለሥልጠናው አዳራሽ ግን ገንዘብ አላጣም።

ከመስከረም ጀምሮ ዐርብና ማክሰኞ ጎረቤታችን እማማ ልጁን ይይዙልኛል፤ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት የእሳቸውን የልጅ ልጆች አስጠናለሁ። እንጀራ ከሰፈር ጋጋሪ መግዛት ጀምረናል፣ ልጅቷም አሁን 12 ሰዓት ላይ ትነሣለች። የቀረው ረቡዕ ነው። በሳምንት አንድ ቀን 10 ሰዓት ላይ ወጥቼ ያን አንድ ሰዓት ተኩል ሐሙስ ጠዋት እንድመልስ ለክፍል ኃላፊያችን ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «ቤቴ የምትሠራው ልጅ የሒሳብ ትምህርት አላት» ብዬ ሞላሁ። ኃላፊው ጠርቶ፣ እንዲህ ያለ ምክንያት ስለማይታወቅ «የግል ጉዳይ» ብዬ እንዳስተካክለው መከረኝ። አላስተካከልኩም። ዛሬ ሦስተኛው ረቡዕ ነው፤ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እሷም ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ናት።