ወንበሩ ተሰጠ፣ ስፖንጁስ?

የዊልቼር ርክክብ ሲኖር ካሜራው የሚያነሳው ወንበሩን ነው፤ ሪፖርቱም የሚቆጥረው ወንበሩን ነው። ተረካቢው ምን ላይ እንደሚቀመጥና ሰውነቱን እንዴት እንደሚያሳርፍ ማን እንዳሳየው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከወገቡ በታች ስሜት ለሌለው ሰው ግን ስፖንጅና ትምህርት ያልታከለበት ወንበር ግማሽ ስጦታ ነው። ሌላኛው ግማሽ ሲቀር ቁስል ይሆናል።

ጤነኛ ሰው ሲደነዝዘው ሳያስበው ይገላበጣል። ስሜት የሌለው ማስጠንቀቂያው አይደርሰውም፤ የመቀመጫው አጥንት ሥጋውን ጨቁኖ ደም ያግዳል። ላይዋ ትንሽ የምትመስል ቁስል ውስጥ ውስጡን እስከ አጥንት ልትዘልቅ ትችላለች፤ ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ከገባ ይገድላል። ሱፐርማንን የተወነው ክሪስቶፈር ሪቭ ሐኪምም ገንዘብም አላጣም፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሞት ግን ለተመረቀዘ የግፊት ቁስል እየታከመ ነበር። በአንጻሩ ሉድቪግ ጉትማን በ1944 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሥራ ሲጀምር ታካሚዎቹን ሌት ተቀን በየሁለት ሰዓቱ ያስገላብጥ ነበር። ለዚህ የጠየቀው እጅና ሰዓት ነው።

ወደ ሐረርጌዋ ጭሮ እንምጣ። ከተማዋ የጨርጨር ተራራ ሥር ያለች ባለዳገት ናት። ቁልቁል የሚወርድ ሰው በወንበሩ ላይ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ቆዳው ተይዞ አጥንቱ ሲሄድ የውስጡ ሥጋ ይጎዳል። ወደ ሚኤሶ ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱና ላቡ ቆዳውን ያርሰዋል። ጉዞ ሲመጣ ዊልቼሩ ታጥፎ ፖርቶመጋላ ላይ ይጫናል፣ ስፖንጁም አብሮ ይወጣል፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ ድረስ 325 ኪሎ ሜትር ያህል የሚኒባሱ ወንበር ላይ ይንገጫገጫል። ስፖንጁ ከሰውየው ጋር ይግባ!

ስለ ሐረርጌ አቀማመጥ አውርቶ የጫት በርጫን መዝለል አይቻልም። ዊልቼር ተጠቃሚውም ከሰዓት በኋላ ምንጣፉ ላይ ወርዶ፣ በአንድ ክንዱ ትራስ ተደግፎ፣ ክብደቱን በአንድ ጎኑ ጥሎ ለሰዓታት ይቆያል። ምርቃናው ሰዓቱን ያስረሳል። ጫት የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል፤ ቆዳ ደግሞ የሚጠነክረውም የሚድነውም በምግብ ነው። ጫት ተው ብዬ አልሰብክም፣ የሚሰማኝም የለም። ስፖንጁ ግን ምንጣፉም ላይ ይነጠፍ፤ ከጓደኞቹ አንዱ ሰዓት እያየ «ተገላበጥ» ይበለው፤ እራቱም አይታለፍ።

ግፊቱን ለማቅለል በሁለት እጅ ተደግፎ ብድግ ማለት የተለመደ ምክር ነው። ለጥቂት ሰከንድ ከሆነ ግን ደሙ በቅጡ አይመለስም። ደረትን ወደ ጉልበት አስጠግቶ ሁለት ደቂቃ ያህል መቆየት ይሻላል፤ ትከሻም ያርፋል። ብዙ መጻሕፍት «ቀይ ምልክት ፈልጉ» ይላሉ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ከወትሮው የጠቆረ፣ የጠጠረ ወይም የሞቀ ቦታ ነው የሚፈለገው፤ ጠዋትና ማታ በመስታወት ወይም በቤተሰብ እጅ። ከተገኘ እስኪጠፋ ድረስ እዚያ ላይ አለመቀመጥ፣ አለማሸትም። የተነፋ ከመነዳሪ ላይ መቀመጥስ? ይቅር፤ ቀለበቱ ዙሪያውን እየተጫነ የመሃሉን ደም ያግዳል።

ስፖንጅ ደግሞ ይሞታል። የዓለም የጤና ድርጅት የዊልቼር ሥልጠና ምንም ብር የማይጠይቅ መፈተሻ አለው፦ ሰውየው ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ጣትን በስፖንጁና በመቀመጫ አጥንቱ መካከል ማስገባት። ጣት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ከተንቀሳቀሰ ደህና ነው። መንቀሳቀስ አቅቶት በቀላሉ ከወጣ ያሳስባል። ተጨፍልቆ አልወጣም ካለ ስፖንጁ ይቀየር።

ቁስሉ አንዴ ከጠለቀ ወራት በደረት ተኝቶ መክረም፣ አልፎም ቀዶ ሕክምና ይመጣል፤ ሥራና ትምህርትም ይቋረጣል። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 20 ከመሣሪያው ሌላ የእንቅስቃሴ ሥልጠናንም ይጠይቃል። ስለዚህ በጭሮ፣ በገለምሶ፣ በበዴሳና በሂርና ለሚቀጥለው ርክክብ የምትዘጋጁ ሁሉ፣ የወንበሩን ቁጥር መቀነስ ግድ ቢሆን እንኳ ቀንሱና ለእያንዳንዱ ወንበር ስፖንጅ፣ ቅያሪ ልባስና ያንን የጣት ፍተሻ የሚያሳይ አንድ ሰው መድቡ።