ጢሱን ማን ያቀዝቅዘው?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በኩል የሄደ ሁሉ አፈር ለብሶ የሚጤስ የከሰል ክምር ሳያይ አይቀርም። ከሰሉ ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይወርዳል፤ ጢሱ ግን ወደ ሰማይና ወደ አክሳዩ ሳንባ ይሄዳል። ይህን ጢስ ወደ ፈሳሽ እንለውጠው የሚሉ ጓደኞቻችን ክርክራቸው ሁሉ ስለ ምድጃው ነው። እኛ ግን ችግሩ ከምድጃው በኋላ ነው እንላለን።

ሰጋቱራ በተዘጋ በርሜል ሲግል መጀመሪያ እርጥበቱ ይወጣል፤ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ደግሞ የኮምጣጤ አሲድና ፌኖል ያለበት ጢስ፣ ከዚያም ወፍራሙ ሬንጅ ይከተላል። አንድ ኪሎ እንፋሎት ውሃ እንዲሆን ወደ 540 ኪሎካሎሪ ሙቀት ሊወሰድበት ይገባል። የሱሉልታ ብርድ ይበቃል ብለን አጭር ቱቦ በነፋስ ላይ ዘርግተን ነበር፤ ያተረፍነው ግማሽ ብርጭቆ ጥቁር ውሃና የቀላ ዓይን ነው።

አረቄ የምታወጣ እናት ይህን ስሕተት አትሠራም። እንፋሎቱ በመቃ አልፎ የሚገባበት መቀበያ የተነከረበት ውሃ ሲሞቅ ትለውጠዋለች፤ እሳቱንም አታበዛም። እኛ ይህንኑ ለፈተና ሸምድደን እንረሳዋለን!

እንግዲህ ቱቦው ይርዘም፤ ተጠምዝዞም በውሃ ውስጥ ይለፍ። ጢሱ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ገብቶ ከላይ ይውጣ። ከጫፉ አሁንም ነጭ ጉም ከወጣ ፈሳሹ በደቃቅ ጠብታ እያመለጠ ነውና፣ ጠጠር በሞላበት ዕቃ አሳልፎ ጠብታውን ማጋጨት ያስፈልጋል። የማይቀዘቅዙት ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሚቴንና ሃይድሮጂን ተመልሰው ከበርሜሉ ሥር ይንደዱ። ሬንጅ ቱቦውን ስለሚደፍን መጥረጊያ ቀዳዳ አይረሳ።

እናቶቻችን የወተት ዕቃ በወይራ ያጥናሉ፤ የጢስን ጥቅም ከባዕድ መጽሐፍ አልተማርነውም። ይሁን እንጂ በሬንጁ ውስጥ እንደ ቤንዞፓይሪን ያለ የካንሰር መንስኤ ስላለ፣ ሳይጠልልና ሳይመረመር ሥጋ ላይ ይፍሰስ የሚለውን አንደግፍም።

ስለ ጥሬ ዕቃውም አንድ ቃል አለን። አንዳንዶች «ውዳቂ» ብለው የመዘገቡት የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ሴቶች ለብዙ ዘመን ከእንጦጦ ዳገት በጀርባቸው ያወረዱት፣ የስንቱ ቤት ምጣድ የጋለበት ማገዶ ነው። እኛ የምንጠይቀው የሰጋቱራውን ክምርና የከሰሉን ጢስ ነው። ቅጠሉን ለባለቤቶቹ እንተውላቸው።