ከበሩ በኋላስ?

የኮምፒዩተር ደኅንነት ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው የይለፍ ቃልን ነው። ቃሉን ያወቀ ይገባል፤ ያላወቀ ይመለሳል። ይህ የመግቢያ ቁጥጥር ይባላል። ጥያቄው የሚጠየቀው አንድ ጊዜ፣ በሩ ላይ ነው። በእኛ እምነት ግን ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከበሩ በኋላ ነው።

ጄሆንግ ፓርክና ራቪ ሳንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት የአጠቃቀም ቁጥጥር ሞዴል፣ ፈቃድ ከመጠቀም በፊት ብቻ ሳይሆን በመጠቀም ላይ ሳሉም ይመረመራል። ፈቃዱም በመብት፣ በግዴታና በሁኔታ ላይ ይቆማል። የፊዚክስ ተማሪ ይህ አይከብደውም፤ የአንድን አካል መነሻ ፍጥነት ብቻ ይዞ፣ በመንገዱ የሚያርፉበትን ኃይሎች ሳያውቅ መድረሻውን ሊናገር አይችልምና።

ነገሩ ረቂቅ የመሰለው አንባቢ ወደ ቆቦ ሜዳ ይውረድ። በክረምት ከምዕራቡ ደጋ በሆርማትና በጎሊና የሚወርደውን ደራሽ ጎርፍ የራያ ገበሬ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣበታል። ደንቡ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ መሬቱ በቦዩ ሥር መሆኑ መብት ይሰጠዋል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ቦይ ሲጠረግ ያልወጣ ሰው ይቀጣል፤ ተራውንም ሊያጣ ይችላል። ይህ ግዴታ ነው። ጎርፉ ሲያይል ተራው ይቀርና ውሃው ለብዙዎች ባንድነት ይለቀቃል፤ ይህ ሁኔታ ነው። ማሳው ሲጠግብ ደግሞ መብቱ እዚያው ያበቃል፤ የውሃ አባቱ ውሃውን ለተከታዩ ያሳልፋል። መብቱን የለወጠው መጠቀሙ ራሱ ነው፤ የሞዴሉ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። ውሃ አይባዛም፤ መረጃ ግን ይባዛል። ከተገለበጠ በኋላ ቦይ መዝጋት ብዙም አይፈይድም። ስለዚህ ቁጥጥሩ መረጃው በሚከፈትበት በእያንዳንዱ ቅጽበት መኖር አለበት።

ጉዳዩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለፋይዳ መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ጋር በማይጣጣም መንገድ እንዳይውል ይከለክላል። ሕጉ የሚናገረው ስለ አጠቃቀም ነው፤ ተማሪዎቻችን የሚሠሯቸው ፕሮግራሞች ግን ባመዛኙ ገና በበሩ ላይ ቆመዋል። አንድ ገበሬ ለብድር የሰጠው መረጃ፣ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ለሌላ ዓላማ እንዳይከፈት የሚያግደው የሠራተኛው ቅንነት ብቻ ከሆነ፣ አዋጁ ከወረቀት አላለፈም።

በርግጥ ያልተቋረጠ ምርመራ ያልተቋረጠ መስመር ይፈልጋል። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ኔትወርክ ሲጠፋ ፈቃዱ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል? ለሕሙማን መዝገብ፣ የከፈተው ሰው ማንነት እየተመዘገበ ይቀጥል እንላለን፤ ለብድር መዝገብ ግን ይዘጋ። የማይስማማ ተማሪ በመመረቂያ ፕሮጀክቱ ይሞግተን።