«1 ኢንች» ስንት ነው?

የዕቃ ማዘዣ ስትሞሉ «ባለ 1 ኢንች ቫልቭ» ብላችሁ ብቻ አትፈርሙ። ዕቃው ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ በሸቤ ላለ የቡና ማጠቢያ ከሆነ ነገሩ ይከፋል፤ የተለቀመው እሸት ቡና ሳያድር መፈልፈል አለበትና ሌላ ቫልቭ እስኪመጣ አይጠብቅም።

«1 ኢንች» ስም ሆኖ ቀረ እንጂ የቧንቧው ውጭ ሲለካ 33 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጥርሱስ? በአንድ ኢንች ርዝመት የእንግሊዙ 11፣ የአሜሪካው 11 ተኩል ነው፤ ሁለቱ ቢገናኙ ጥቂት ዞረው ይነክሳሉ። አጥብቆ የሚታገለው ሠራተኛ ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል፤ ጥፋቱ ግን የወረቀቱ ነው።

ግፊቱንም ጻፉ፤ ማጠራቀሚያው ከቫልቩ 100 ሜትር ከፍ ቢል 10 ባር ያህል ይጫነዋል። የሚያልፈውንም ውሃ ግለጹ፤ የቡናው ዝልግልግ ሲብላላ ውሃው ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣ ውሃ ደግሞ ብረት ይበላል። ሻጩ ይህን ካልነገራችሁት ለንጹሕ ውሃ የሚሆነውን ይልክላችኋል።