ሩዋይሶች ሆይ፣ የሚጥለውን ልጅ ለእናቱ ብቻ አንተውላት!

በሩዋይስ የምትኖሩ፣ ከሩዋይስም ወጥታችሁ በጅዳ ሌሎች ሰፈሮችና በመካ የተበተናችሁ ወገኖቼ! ስለ ልጆቻችን አንጎል ልንነጋገር ይገባል።

በመካከላችን እጅና እግራቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው ወደ ላይ የሚገለበጥ፣ አረፋ የሚደፍቁ፣ ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው ልጆች አሉ። ስለ እነሱ የምንሰማው ግን በሹክሹክታ ነው። በር ይዘጋል፣ እናት ከእንግዳ ትሸሻለች፣ ጎረቤት «ልክፍት ነው» ብሎ ያልፋል። ይህ ይብቃ! ማስቆም የምንችለውም እኛው ነን።

በመጀመሪያ ሐፍረቱን እናውርደው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚጥል በሽታ አለባቸው፤ በትክክል ተመርምረው መድኃኒት ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በሽታው ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ገጠር ቤት ለቤት ዞረው ከ60 ሺህ በላይ ሰው አዳርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2ቱ ሕመሙ እንዳለበት አሳይተዋል። ከ200 ሰው አንዱ ማለት ነው። 200 ሰው በተሰበሰበበት ሠርግ ወይም የዒድ ግብዣ ላይ ስትቀመጡ፣ ሕመሙን ደብቆ የሚኖር ሰው ወይም ልጁን የደበቀ ወላጅ አብሯችሁ ሳይቀመጥ አይቀርም። እንግዲህ ከማን ነው የምንደባበቀው?

የሕፃናት አንጎል የሚጎዳባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ጊዜ አይሰጡም። ምጥ ረዝሞ ሕፃኑ አየር ሲያጥረው፣ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢጫ ሆኖ «ፀሐይ እናሙቀው» ሲባል ሲሰነብት፣ ማጅራት ገትር ይዞት እንደ ተራ ትኩሳት ሲቆጠር፣ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ስትሮክም የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም። በማኅፀን እያሉ ወይም እንደተወለዱ ስትሮክ የሚያጋጥማቸው ሕፃናት አሉ። አንድ ዓመት ያልሞላው ልጃችሁ ሁልጊዜ በአንድ እጁ ብቻ የሚይዝ፣ ሌላውን ጨብጦ የሚያስቀር ከሆነ «ግራኝ ሊሆን ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይየው።

አንድ ሌላ ምልክት ደግሞ እናቶች ሁሉ ይወቁት። ከ3 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን፣ በተለይ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ደጋግሞ ወደ ፊት ጥቅልል እያለ ክንዱን የሚወረውር ከሆነ የሆድ ቁርጠት ላይሆን ይችላል። ዊልያም ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1841 ይህን ሕመም ለሕክምና መጽሔት የጻፈው በገዛ ልጁ ላይ አይቶት፣ መላ ጠፍቶት ነው። ዛሬ ሕክምና አለው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ልጁ የመዳንና የማደግ ዕድሉ ይሰፋል። እናት በስልኳ ቀርጻ ለሐኪም ብታሳየው ትልቅ እገዛ ነው።

ታዲያ ለምን እንዘገያለን? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌላት እናት ሹርጣ (ፖሊስ) ፈርታ በቤቷ ትወልዳለች፤ ልጇ ሲጥለውም ወደ ሙስተሽፋ (ሆስፒታል) ከመሄድ ታመነታለች። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ያየን ሰዎች ይህን ፍርሃት እናውቀዋለን። ነገር ግን የዚህ አገር የጤና ባለሙያዎች ሕግ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሐኪም እንዲረዳ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2020ም ንጉሥ ሰልማን በኮሮና የተያዙ ሁሉ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ጭምር፣ በነፃ እንዲታከሙ አዘው ነበር። ወረቀት የሌላት እናት «ብቻሽን ነሽ» ሳይሆን «አብሬሽ እሄዳለሁ» የሚላት ሰው ካገኘች፣ ፍርሃቷ እንዳለ ሆኖ ልጇ ሊተርፍ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ልማዳችን ነው። የወደቀን ልጅ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ ጥርሱን በማንኪያ መፈልቀቅ፣ ውኃ መጋት፣ እጅ እግሩን አፍኖ መያዝ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር! ጭሱ አይፈውሰውም፤ ማንኪያው ጥርሱን ይሰብራል፤ ውኃው ትንፋሹን ይዘጋል። የሚደረገው ቀላል ነው። ልጁን በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ፍቱ፣ እሳትና ስለት ከአጠገቡ አርቁ፣ ሰዓት ተመልከቱ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ዳግመኛ ከጣለው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ከዚህ በፊት ጥሎት የማያውቅ ከሆነ ወዲያው 997 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ትኩሳት ብቻ ያስነሳው መንቀጥቀጥ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል። ማጅራት ገትር አለመሆኑን የሚለየው ግን ሐኪም ነው።

አሁን ሥራ እንከፋፈል።

አንደኛ፣ በየሕንፃው ሁለት ሰው ይመረጥ፤ አንዱ አረብኛ አጥርቶ የሚናገር፣ አንዱ መኪና ያለው። ስልካቸው በእያንዳንዷ እናት ስልክ ላይ ይመዝገብ። ከአምቡላንሱ 997 እና ለጤና ሚኒስቴር ምክር ከሚደወልበት 937 ጎን ለጎን ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ጀመዓዎች፣ እድሮችና ዕቁቦች ሆይ! ለቀብርና ለሠርግ እንደምናዋጣ ሁሉ ለሕፃናት ምርመራና መድኃኒትም እናዋጣ። በዚህ አገር ያለ ፈቃድ ገንዘብ መሰብሰብ ክልክል ነውና መዋጮው በኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ በኩል በሕጋዊ መንገድ ይሁን። መድኃኒቱ በየቀኑ የሚወሰድ ነው፤ ለአንድ ወር ሰጥቶ ዝም ማለት አይበቃም። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ልጁን ካለፈው በከፋ ሁኔታ ሊጥለው ይችላል።

ሦስተኛ፣ በሆስፒታሎች የምትሠሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ስጡን። እናቶችን ሰብስባችሁ በጎን ማስተኛቱን በተግባር አሳዩአቸው። ከአገር ቤት መድኃኒት ለማስላክ የሚያስቡትንም አስጠንቅቁልን፤ ፌኖባርቢታል በዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ያለ ፈቃድ በሻንጣ ማስገባት ለእስር ሊዳርግ ይችላል።

አራተኛ፣ የሃይማኖት አባቶች ሆይ! ሰዉ የእናንተን ቃል ይሰማል። ዱዓውና ሩቅያው፣ ጸሎቱና ፀበሉ አይቅር፤ መድኃኒቱም አይቅር። ይህን በግልጽ ከተናገራችሁልን ብዙ ልጆች ይድናሉ።

አምስተኛ፣ የልጆቻችን መምህራን ሆይ! በክፍል ውስጥ የጣለውን ልጅ ከትምህርት አታግዱት። ጓደኞቹ እንዳይሸሹት «አይተላለፍም» ብላችሁ ንገሯቸው፤ ወድቆ ሲነሣም መቀመጫው ይጠብቀው።

ስድስተኛ፣ በጅዳ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ጽሕፈት ቤት ሆይ! እዚህ ለተወለዱና ለታመሙ ልጆች የሰነድ ጉዳይ ቅድሚያ ስጡልን። ወረቀት የሌለው ልጅ ክትባትም ክትትልም ያመልጠዋል።

አባቶች ሆይ! ለእናንተ የተለየ ቃል አለኝ። የልጁን ሕመም በእናቱ ዘር አታሳብቡ፤ ሕመሙ የማንም ጥፋት አይደለም። ልጁን ይዛችሁ ግቡ፣ ከሐኪሙ ፊት ቁሙ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት እናንተም ያዙ።

ወደ አገር ቤት የምትመለሱም የልጁን የሆስፒታል ሪፖርት፣ የምርመራ ፊልሙንና የመድኃኒቱን ስም ሳትይዙ አትሂዱ። አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ነርቭ ሐኪሞች አሉ። ኬር ኢፒለፕሲ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅትም ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸውን ይደግፋል፤ መሥራቿ እናት የውነቱ ሕመሙን በራሷ ያየች፣ አልደበቅም ብላ አደባባይ የወጣች ሴት ናት። እሷ የተናገረችውን ያህል እኛ ሩዋይስ ላይ መናገር አያቅተንም።

እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የጅዳ የቆዩ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ጎረቤት ተለያይቷል። ዛሬ በማታውቀው ሰፈር፣ ቋንቋውን በማታውቅበት ሕንፃ፣ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ታቅፋ የምታድር እኅት አለችን። እንፈልጋት! ከዚህ ዓርብ ጀምሮ እያንዳንዳችን የአንድ ቤት በር እናንኳኳ፤ ልጅ የታመመባትን እናት እንጠይቅ፣ ስልካችንን እንስጣት፣ ቀጠሮዋን አብረናት እንሂድ። መድኃኒት እያለ፣ ሐኪም እያለ፣ እኛም እያለን፣ በሐፍረትና በፍርሃት ምክንያት የሚጎዳ አንድም ልጅ ከእንግዲህ እንዳይኖረን ተነሡ፣ እንደራጅ፣ ሥራውን ዛሬ እንጀምር!